በበረዶ የሄደች

በእኛ መንደር ቅዱስ ዮሐንስ ጀልባ ላይ አይወጣም። መርከብም አይሳፈርም፣ ባቡርም አይወድም። እኛን ጀርመኖቹን ከስዊሶቹ የሚለየው ሐይቅ ከዳር እስከ ዳር በረዶ ሠርቶ ሰው መሸከም ሲችል ብቻ በጎረምሶች ትከሻ ላይ ሆኖ ይሻገራል። እኛ ዘንድ ከሆነ ወደ ስዊሶቹ ይሄዳል፤ እነሱ ዘንድ ከሆነ ወደ እኛ ይመጣል። ምስሉ ከደረቱ በላይ ብቻ ከእንጨት የተቀረጸ፣ ጉንጨ ቀይ፣ እድሜውን የማያስታውቅ ነው። አንዴ ከሄደ ሐይቁ ዳግመኛ በረዶ እስኪሠራ በሄደበት ይቆያል፤ አሥር ዓመትም ይሁን መቶ፣ የሚያጣድፈው የለም። እኔ ስወለድ መቶ ሃያ አምስት ዓመት ያህል እኛ ጋ ከርሞ ነበር፤ አያቴ ከቤተሰቡ ሽማግሌዎች እንደ አንዱ ነበር የምታወራለት።

ይህን የማነሣው ግን ስለ ቅዱሱ ብዬ አይደለም። እሱ እዚያ ማዶ ተመችቶት ተቀምጧል። ስለ እናቴ ብዬ ነው።

እናቴ ኤርድሙተ ትባል ነበር። እንዲህ ያለ ስም በመንደራችን በሃግናው አልነበረም። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከምሥራቅ ነቅሎ ካመጣቸው ሰዎች አንዷ ናት። ሃይማኖቷ የሉተር ነበር፤ አባቴን ለማግባት ብላ የእኛን ካቶሊክነት ተቀበለች። አያቴ ክሬሰንስ ግን በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን በስሟ ጠርታት አታውቅም። “ስደተኛዋን ድንቹን ላጪ በያት” ትለኛለች፣ እናቴ እዚያው አጠገባችን ቆማ። እኔም ዞር ብዬ “እማዬ፣ አያቴ ድንቹን ላጪ አለች” እላለሁ። ጨዋታ ይመስለኝ ነበር፤ እኔም በመሃል ገብቼ የማስተላልፍበት ደስ የሚል ጨዋታ።

አባቴ አልባን ወይን አብቃይ ነው። ጦርነቱ ካለቀ ከብዙ ዓመት በኋላ ከሩሲያ እስር ቤት የተመለሰ፣ ቀን ቀን ቃል የማይወጣው ሰው ነበር። ማታ ማታ ደግሞ ከራሱ በርሜል እየቀዳ ይጠጣል። እናቴ አንዳንድ ጠዋት ዓይኗ ሥር ጠቁሮ ትነሣለች። “ምን ሆነሽ ነው?” ስላት “የምድር ቤቱ በር መታኝ” ትለኛለች። እኔም በዚያ በር ጥርስ ነከስኩበት። በአጠገቡ ባለፍኩ ቁጥር በጫማዬ እጠልዘዋለሁ። አንድ ቀን አባቴ ስጠልዘው አገኘኝና፣

“ምን አደረገሽ?” አለኝ።

“እማዬን ይመታታል” አልኩት።

ቆሞ አየኝ። ከዚያ ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ፤ ለሦስት ቀንም ወይን ጠጅ አልቀመሰም። ምስኪኑ በር ምንም እንዳላደረገ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው።

በአውሮፓውያኑ 1963 ዓ.ም. በጥር ወር ማለቂያ ሐይቁ በረዶ መሥራት ጀመረ። በየካቲት ላይ ወንዶቹ መጥረቢያ ይዘው እየወጡ ውፍረቱን ይለኩ ጀመር። ሽማግሌዎቹ ያላዩትን የአያቶቻቸውን ዘመን እያነሡ ይከራከራሉ፤ ልጆች ትምህርት ቤት ተዘግቶልን እንፈነድቃለን። አባቴ ግን ከዳርቻው አልፎ አንድ እርምጃ አልሄደም። “ሞኝ ሁሉ” ብሎ ወደ ቤት ይመለሳል። በሩሲያ ምን ያህል መኪና ከነሰዉ በረዶ ሥር ሲገባ እንዳየ ያኔ ማን ይንገረኝ? ፈሪ ነው ብዬ አፍሬበት ነበር።

እናቴ ግን አትፈራም። የመርከብ ማቆሚያው ጠባቂ አባባ ጌብሃርድ ረጅም አጣናውን ይዞ እያንኳኳ ሲሄድ፣ እሷ በቤት ጫማዋ ብቻ ተከትላው ወጣች። ቆም ብላ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጣለች፤ ከዚያ “እዚህ ጋ ደህና ነው፤ እዚያ ጋ አትሂዱ” ትላለች። ሴቶቹ ዳር ቆመው ያዩዋታል።

“ትንሽ እንኳ አይሸብራትም እንዴ?” አለች አንዷ።

“ምን ይሸብራታል፤ ለምዳዋለች።”

“ለምዳዋለች አትበይ። እናቷን የቀበረችበት ነው።”

“ምን ቀበረቻት፤ በረዶው ወሰዳት እንጂ።”

እኔ ይህን ስሰማ በእናቴ አገር ሰው የሚቀበረው በበረዶ ውስጥ ነው ብዬ አሰብኩ። ንጹሕ መቃብር መሰለኝ፤ ለጓደኞቼም በኩራት ነገርኳቸው። የሆነው ሌላ ነው። በጦርነቱ የመጨረሻ ክረምት፣ እናቴ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ሕዝቡ ሁሉ በረዶ የሠራ የባሕር ክንድ አቋርጦ በፈረስ ጋሪ ይሸሽ ነበር። የፊተኛው ጋሪ አለፈ፣ የኋለኛውም አለፈ፤ እናቷ የተቀመጠችበት አላለፈም። ስለዚህ በረዶ ከመሰንጠቁ በፊት የሚያሰማውን ድምፅ እናቴ ታውቀው ነበር። በመንደራችን ከእሷ በቀር ይህን የሚያውቅ አልነበረም፤ ያን ሳምንት ብቻ ሰዎች በስሟ ጠሯት።

ቅዱሱ የሚሻገርበት ቀን ተቆረጠ። ያን ዕለት ጠዋት እናቴ ከወትሮው ቀድማ ቀሰቀሰችኝ። ሦስት ካልሲ ደራርባ አለበሰችኝ፣ ነጩን የፋሲካ ቀሚሴን አጠለቀችልኝ፣ በላዩ የሱፍ ቀሚስ፣ በላዩ ኮት። ክንዴን ማጠፍ አቃተኝና ሳቅኩ፤ እሷ አልሳቀችም። በገመድ በበረዶ ላይ የሚጎተተው ሸርተቴ ላይ አስቀምጣኝ በብርድ ልብስ ጠቀለለችኝ። እግሬ የሆነ ነገር ነካ። እጄን ሰድጄ ስዳብስ ሰንደል ጫማዬ ነው፤ በጋ የማደርገው።

“እማዬ፣ ሰንደሌን ረስተሽው ነው እኮ፣ እዚህ ገብቷል።”

“ተይው፣ አይከብድም” አለችኝ።

ሕዝቡ እልፍ ነው። ደወሉ ይደወላል፤ ከማዶም የእነሱ ደወል ይመልሳል። ቄሱ ከፊት፣ ቅዱሱ በአራት ጎረምሶች ትከሻ ላይ፣ ከኋላ እኛ መቁጠሪያ እየደገምን። ጉም ስለነበረ ማዶው አይታይም። ከእግራችን ሥር ሐይቁ አልፎ አልፎ ያጓራል፤ ያን ጊዜ ጸሎቱ ከፍ ይላል። እናቴ ሸርተቴዬን ትስባለች፣ አያቴ ከጎኔ ትራመዳለች። አባቴ ቤት ቀርቷል። እኔ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያን ዕለት ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ መላው ዓለም ተነሥቶ እየሄደ እኔ ብቻ ተቀምጬ ነው።

አያቴ ጎንበስ አለችና “በረደሽ እንዴ?” አለችኝ።

“ኧረ ሞቆኛል! ሁለት ቀሚስ ነው የለበስኩት፤ ነጩንም ጭምር።”

“የቱን ነጭ?”

“የፋሲካውን። እማዬ ናት ያለበሰችኝ። ሰንደሌንም ይዘነዋል።”

“ሰንደል?”

“አዎ፣ ይኸው እግሬ ሥር።”

የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ ይባላል። ያን ቀን ከአፌ የወጣው ሁሉ ብስል ነበር። አያቴ የኮቴን ኮሌታ በጣቷ ገለጥ አድርጋ ነጩን ዳንቴል አየች። መልሳ ሸፈነችው። ጥቂት እርምጃ መቁጠሪያዋን እየደገመች ሄደችና እጇን ወደ ገመዱ ዘረጋች።

“አምጪ፣ ደክሞሻል።”

“አልደከመኝም እማማ፤ እርስዎ ይረፉ” አለች እናቴ።

“በቅዱሱ ፊት አታጨቃጭቂኝ። ሰው እያየን ነው።”

ሰው ያይ ነበር። እናቴ ገመዱን ለቀቀች። እኔ ሁለቱም ሊስቡኝ የሚሻሙ ትልቅ ሰው መሰልኩኝና ብርድ ልብሴ ውስጥ ተንደላቀቅኩ።

ማዶ ስንደርስ የስዊስ ሰዎች ዳርቻው ላይ ቆመው ይዘምራሉ። ቅዱሱን ተቀብለው ሲገቡ አያቴ አለቀሰች። ሰዉ ሁሉ እየተሳመ፣ እየሳቀ፣ ትኩስ ሻይ በትልቅ ጋን ተቀምጦ ይታደላል። ወደ መንገዱ ከፍ ብሎ አረንጓዴ ካፖርት የለበሰች ሴት ቆማለች። እናቴ አየቻት፤ ከዚያ ወደ አያቴ ዞረች።

“እማማ፣ ቬሬናን ለአንድ አፍታ ይስጡኝ። አንዲት ያገሬ ልጅ አለች፤ ላሳያት።”

“አንቺ ሂጂ። ልጅቷ ከእኔ ጋር ትጠብቃለች።”

“እባክዎ።”

“የአልባን ልጅ ናት። አንቺን ሂጂ አልኩሽ፤ ማን ያዘሽ?”

እናቴ አጎንብሳ አየችኝ። ፊቷ እንደዚያ ሲነጣ አይቼው አላውቅም፤ ብርዱ ነው አልኩ። “ቬሬና፣ ከእኔ ጋር ትመጫለሽ?” አለችኝ። እኔ ደግሞ ዓይኔ ከሻዩ ጋን ላይ ነበር፤ ስኳር እያደረጉበት ነው።

“ሂጂ እማዬ፣ እኔ ሻይ እጠጣለሁ” አልኳት።

“መጣሁ” ብላ ወደ ላይ ሄደች። እርምጃዋ ፈጣን ነበር፤ ያቺን ሴት አናግራ ቶሎ ልትመለስ ነው ብዬ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ቶሎ የሄደችው ያቺ ሴት መጥታ እኔን ከአያቴ እጅ እንድታስለቅቅላት ነበር። ብቻዋን ስላልቻለች።

ሻዩን ጨርሼ ሳልጨርስ አያቴ ሸርተቴውን አዞረችው። ቶሎ የሚመለሱ የመንደራችን ሰዎች ነበሩና ከእነሱ ጋር ገባች። “እማዬስ?” አልኩ። “ትደርስብናለች” አለች። ትንሽ እንደሄድን ዞሬ አየሁ፤ እናቴ ከዳርቻው ወርዳ እጇን እያወዛወዘች በረዶው ላይ ትሮጣለች። ባለ አረንጓዴዋ ከኋላ ይዛታለች። እኔም ደስ ብሎኝ በሁለት እጄ አወዛወዝኩላት። ደህና ሁኑ እያለችን መሰለኝ። እየጠራችኝ ነበር፤ ደወሉ ገና አላቆመም።

ለምን ተከትላን እንዳልመጣች ብዙ ዓመት ቆይቼ ጠይቄያታለሁ። “ያን በረዶ እንደገና ወደ እናንተ ከረገጥኩት ሁለተኛ የምወጣበት ጉልበት አይኖረኝም ነበር” አለችኝ። ልጇን በሕግ አስመጣለሁ ብላ ነበር። በዚያ ዘመን ቤቷን ጥላ ለወጣች ሴት ሕጉ ልጅ እንደማይሰጥ የነገራት ሰው አልነበረም፤ ሲነግሯት ረፍዶ ነበር።

መንደሩ ወሬውን ሲቀባበለው ባለ አረንጓዴ ካፖርቷ ሴትዮ ሳምንት ሳይሞላት ወንድ ሆነች። በወሩ ጢም አበቀለች፤ በፋሲካ ደግሞ መኪና ገዛች። ሴቶቹ ሲያወሩ እኔ ስመጣ ዝም ይላሉ። አባቴ ጭራሽ ተናግሮ አያውቅም። እኔ ደግሞ አላለቀስኩም፤ የሚያስለቅስ ነገር አልታየኝም ነበር። መጣሁ ብላለች።

ስትዘገይብኝ አያቴን ጠየቅኳት፤ ወጥ ቤት ውስጥ ዝይ እየነጨች ነበር።

“አያቴ፣ እማዬ መቼ ነው የምትመጣው?”

“ቅዱስ ዮሐንስ መቼ ነው የሚመጣው?”

“ሐይቁ በረዶ ሲሠራ።”

“እሷስ በምን ሄደች?”

“በበረዶ።”

“እንግዲህ!” አለችኝ፣ ላባውን እያራገፈች።

እፎይ አልኩ። ነገሩ ሥርዓት ያለው ሆነልኝ። እናቴ ከቅዱሱ ጋር አብራ ሄዳለች፤ አብራው ትመለሳለች። የእኛ ቅዱስ ዕድሜውን ሙሉ እንደዚያ አይደል የኖረው?

በረዶው ቀልጦ መርከቦቹ መሄድ ሲጀምሩ ግን ትዕግሥቴ አለቀ። ወደ መርከብ ማቆሚያው ወርጄ አባባ ጌብሃርድን ማዶ እንዲያሳፍረኝ ለመንኩት። እሱም ጆሮዬን ይዞ ወደ ቤት መለሰኝ። ያን ቀን ነው አያቴ ከጭኗ ላይ አስቀምጣ ሌላውን የነገረችኝ። በጥንት ዘመን አንድ ችኩል ቄስ ቅዱሱን በጀልባ ላምጣው ብሎ ነበር አለች። ጀልባዋ በሰላም ደረሰች። ቄሱ እግሩ መሬት ከመርገጡ ሐይቁ መቁጠር ጀመረ፤ በዓመት ውስጥ ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው ወሰደ። በበረዶ የተሻገረ በውሃ ከተመለሰ ሐይቁ ዕዳውን የሚጠይቀው ከቤተሰቡ ነው። “ስለዚህ ከመርከብ ራቂ” አለችኝ።

ይህ ተረት በመንደራችን እንደሌለ አሁን አውቃለሁ፤ ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ ጠይቄያለሁ። አያቴ ያን ዕለት ከራሷ አውጥታ የፈጠረችው ነው። ልጅቷ መርከብ ላይ ዘላ እንዳትወጣ ብላ ብቻ ነው፤ ተንኮሏ ከዚያ አያልፍም ነበር። የልጅ ሐሳብ ከዚያ ወዴት እንደሚሄድ እሷም አላወቀችም።

የሚቀጥለው ክረምት መጣ። ግቢው ውስጥ ውሃ የሞላ ባልዲ አስቀምጬ በየጠዋቱ እየሮጥኩ አያለሁ። የባልዲው በረዶ ሲወፍር ወደ ሐይቁ እሮጣለሁ። ሐይቁ ያው ውሃ ነው። አባቴ አንድ ጠዋት ባልዲው ላይ አጎንብሼ አገኘኝ።

“ምን እያደረግሽ ነው?”

“እማዬ የምትመጣበትን እያየሁ።”

አጠገቤ ቁጢጥ አለ። የሚናገር መስሎኝ ጠበቅኩ። በረዶውን በአውራ ጣቱ ተጫነው፤ ተሰበረ። “ቀጭን ነው” አለ፣ ተነሥቶም ሄደ። እኔም አባቴ ሁሉን ያውቃል፣ አብሮኝ እየጠበቀ ነው ብዬ አመንኩ። ቅዱሱ ከተሻገረበት ክረምት ወዲህ ስድሳ ዓመት አልፏል፤ ሐይቁ እንደዚያ በረዶ ሠርቶ አያውቅም።

የባልዲው ክረምት ባለፈ በነሐሴ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ የወይኑን ቅጠል ባጠወለገበት ቀን፣ እኔ መርከብ ማቆሚያው አጠገብ ጠጠር እየወረወርኩ ነበር። ርቄ ነው የተቀመጥኩት፤ የታዘዝኩትን አከብራለሁ። ነጩ መርከብ መጣ። አባባ ጌብሃርድ ገመዱን ተቀብሎ አሰረ፣ መረማመጃ ሳንቃውን ዘረጋ። ሦስት ሰዎች ወረዱ። አራተኛዋ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ሰማያዊ ቦርሳ የያዘች ሴት ናት። ሳንቃው ላይ እንደወጣች ቆመችና፣

“ቬሬና!” አለች።

ድምፁ ነው የነገረኝ። ተነሥቼ በረርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ሮጬ አላውቅም። ሳንቃው ጫፍ ስደርስ እሷ አንድ እግሯን አንሥታ ነበር፤ ከሥሩ መሬቱ ነው።

“አትርገጪ!” ብዬ ጮህኩ።

እግሯ አየር ላይ ቀረ። “ምን ሆንሽ የኔ ልጅ? እኔ ነኝ እኮ!”

“አውቄሻለሁ! አትውረጂ! ተመለሺ!”

“ቬሬና…”

“ተመለሺ አልኩሽ! ቶሎ በይ! ገና ነው!”

በሁለት እጄ ጉልበቷን ይዤ ወደ ኋላ እገፋታለሁ። እያለቀስኩ ነው። አባቴ ሲሰምጥ ይታየኛል፣ አያቴ ስትሰምጥ ይታየኛል፤ ቀሚሷን አሽትቼ በናፍቆት ልሞት ደግሞ ምንም አልቀረኝ። እሷም ቁጢጥ ብላ ትከሻዬን ያዘችኝ።

“ማነው እንዲህ በያት ያለሽ?”

“አያቴ ናት የነገረችኝ።”

“አባትሽስ?”

“አባዬም ያውቃል። ሁላችንም እናውቃለን።”

“አንቺስ? አንቺ እንድመጣ አትፈልጊም?”

“አሁን አልፈልግም!” አልኳት። እውነቴን ነበር፤ በብርዱ ነበር የምፈልጋት። ይህንንም የተናገርኩ ይመስለኛል፤ በለቅሶ መሃል “በብርዱ፣ በብርዱ” ማለቴን አስታውሳለሁ። ማን ይረዳዋል?

“እመቤት፣ ይወርዳሉ አይወርዱም?” አለ አባባ ጌብሃርድ፣ አቀርቅሮ። አውቋታል፤ እንዳላወቀ ለመሆን ነው ያቀረቀረው። “ካፒቴኑ ይቆጣል።”

እናቴ ቀና ብላ መንደሩን አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ። ቀስ ብላ እግሯን ወደ ሳንቃው መለሰች፣ አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ። “እሺ” አለች። “እሺ የኔ ልጅ፣ አታልቅሺ። ይኸው ሄድኩ።” ሳንቃው ተነሣ። መርከቧ ስትርቅ እሷ ፊቷን በቦርሳዋ ሸፍናለች። እኔ እንባዬን ጠርጌ አወዛወዝኩላት። አድኛት ነበር እኮ። ሁላችንንም አድኜ ነበር።

ሃያ አራት ዓመት ሲሆነኝ በዚያችው መርከብ ተሻግሬ፣ ማዶ ባለው ወጥ ቤቷ ተቀምጬ ይህን ሁሉ ነገርኳት። ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯት፤ በስዊስ ጀርመንኛ እየተንጫጩ ይገባሉ ይወጣሉ። እናቴ አቋርጣኝ አታውቅም፣ ያን ቀንም አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ጠረጴዛውን በመዳፏ ጠረገችው፤ ምንም አልነበረበትም። “አስጠንተውሽ ነው ብዬ ነበር” አለች። “ከዚያ ደግሞ፣ ቢያስጠኗትም እውነቷን ነው አልኩ። ሻዩን የመረጠች ልጅ ናት አልኩ።” ቀጥላም፣ “ለአንቺም ትኬት ገዝቼ ነበር። የልጅ ትኬት። መመለሻው ላይ አብረን ልንሳፈር” አለችኝ። ልታቅፈኝ ተነሣች፤ እኔም ተነሣሁ። ሁለታችንም ግን እንዴት እንደሚተቃቀፉ ረስተነው ነበር።

ያን ቀን ግን ከመርከብ ማቆሚያው ወደ ቤት ስሮጥ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። አያቴ ወጥ ቤት ውስጥ ፎጣ ታጥፋለች።

“አያቴ! እማዬ መጥታ ነበር! በመርከብ!”

ፎጣው ከእጇ ወደቀ። “የት አለች?”

“መለስኳት። መሬት ሳትረግጥ መለስኳት። አንድ እርምጃ ብቻ ቀርቷት ነበር፤ ገፋኋት።”

አያቴ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። “ምን አልሻት?”

“ተመለሺ አልኳት። አያቴ ነግራኛለች አልኳት።”

“እሷስ?”

“እሺ አለች። ትንሽ አለቀሰች፤ ይሻላታል።”

 አያቴ የግድግዳውን ሰዓት አየች። እኔም አየሁ፤ ስምንት ተኩል ነው። መርከቧ እስከ መጨረሻው ወደብ ሄዳ በአሥር ሰዓት በእኛ በኩል ተመልሳ እንደምታልፍ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። አባቴ ከወይኑ ማሳ፣ ሞተር ብስክሌቱም ከግቢው ነበረ፤ ሊደረስባት ይቻል ነበር። አያቴ አፏን ከፈተች፤ ጠበቅኳት። መልሳ ዘጋችው።

ተነሥታ በዚያ ሙቀት ምድጃውን አነደደች። ፖም ልጣ ቆራረጠች፣ ዱቄቱን በእንቁላል መታች፣ በቅቤ ትጠብስልኝ ጀመር። እንዲህ ያለ ነገር የሚደረገው በበዓል ብቻ ነው።

“የማን በዓል ነው?” አልኳት።

“የማንም አይደለም። ቁጭ በይ።”

መስኮቱን ዘጋችው፤ ላቧ በግንባሯ ይወርዳል። ከፊት ለፊቴ ተቀምጣ ጉርሻዬን ስትቆጥር ቆየች። አንዱን ስጨርስ ሌላ ታወጣለች፤ ስኳሩን በእጇ እየዘገነች ትነሰንስልኛለች። 

ከዚያ የመርከቧ ጥሩምባ ተሰማ። አንዴ ስትቀርብ፣ አንዴ ስትቆም። እናቴ ያን ጊዜ ወርዳ ነበር። ሳንቃውን አልፋ መሬቱን በሁለት እግሯ ረግጣ፣ ካፒቴኑ ሦስት ጊዜ ጥሩምባ እስኪነፋባት ድረስ ወደ ቤታችን የሚያወጣውን መንገድ እያየች መቆሟን የነገረኝ አባባ ጌብሃርድ ነው፣ ሊሞት ሲል። ከዚያ እስከ ወጥ ቤታችን ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም።

“ብዙ ትነፋለች ዛሬ” አልኩ፣ አፌ እንደሞላ።

“ብዪ፣ ይቀዘቅዝብሻል” አለችኝ አያቴ።

እኔም በላሁ። ርቦኝ ነበር።